ውሃ የገባበት ውስኪ

በአማርኛችን ውስጥ «መቅመስ» የሚለውን ቃል የሚያህል ውሸታም የለም። «እስቲ እህል ቅመስ» የተባለ እንግዳ አንዲት ጉርሻ ወስዶ እጁን ቢታጠብ ቤተሰቡ ይቀየመዋል። «ትንሽ ቀምሼ መጣሁ» የሚል ባል ደግሞ የገዛ ቤቱን በር ለማግኘት ግድግዳውን እየዳበሰ ሁለት ጊዜ ይዞራል። እንዲህ ስንቀምስ ኖረን ኖረን፣ አንድም ቀን ቀምሰን አናውቅም ማለት ነው። ይህን የምለው እናንተን ለመንካት አይደለም፤ ራሴን ነው። ስልሳ ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ነው መቅመስ ምን እንደሆነ ያየሁት። ያየሁትም እዚሁ ጎባ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንዲት እናት የካናዳ ውስኪ በመዳፋቸው ላይ ሲያንጠባጥቡ ነው።

ጠራራ ፀሐይ ስል ታዲያ የጎባን ፀሐይ ነው። የጎባ ፀሐይ ታበራለች እንጂ አታሞቅም። ከተማችን የባሌ ዋና ከተማ የነበረች ጊዜ ቢሮው ሁሉ እዚህ ነበር፤ በኋላ ቢሮው ተጠቅልሎ ወደ ሮቤ ወረደና ለእኛ ሆስፒታሉና ብርዱ ቀሩልን። ብርዱን ሮቤዎች አልፈለጉትም።

እኔ የጡረታ እንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ጡረታ የወጣሁት ከደመወዝ እንጂ ከሥራ አይደለም። ሰው የመድኃኒት ወረቀት ሲያገኝ፣ አዲስ ቴሌቪዥን ሲገዛ፣ ከውጭ አገር ደብዳቤ ሲመጣለት እኔ በር ላይ ይቆማል። የሰፈር አስተርጓሚ የመሆን ጣጣው ብዙ ነው። ሰው እውነቱን እንድትነግረው ይመጣል፤ ዐይኑ ግን ደስ የሚለውን እንድትነግረው ይለምንሃል። እኔ ደግሞ ዐይን እፈራለሁ። ጥፋቴ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

እትዬ ብርቄ የጎባ አረቄ አውጪ ነበሩ። «ነበሩ» ማለቴን ያዙልኝ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ባላቸው ገና በወጣትነታቸው ሞተው አንድ ልጃቸውን ደረጀን ያሳደጉት በአረቄ ነው፤ በአረቄም ውስጥ በዳግም። ዳግም ማለት አንዴ የወጣውን አረቄ መልሶ እሳት ላይ ጥዶ ሁለተኛ ማውጣት ነው። ሰነፍ አውጪ አትሞክረውም። የእትዬ ብርቄ ዳግም ክብሪት ሲነካው ሰማያዊ ነበልባል አውጥቶ ይነዳል። አንድ መለኪያ የቀመሰ መምህር (ይኸው መጣ ቃሉ) የሁለት ክፍል የፈተና ወረቀት ሳይነጫነጭ አርሞ ይጨርሳል። ይህን በልምድ ነው የምነግራችሁ።

የዚያ ዳግም ዋጋው ግን ጭሱ ነበር። በእኛ ብርድና ዝናብ ደረቅ እንጨት የሚባል የለም፤ ሴትዮዋ ከማለዳ እስከ ማታ እርጥብ እንጨት ፊት ተቀምጠው ዐይናቸው እንደቀላ ይኖር ነበር። አንድ ቀን ማርያም ደጅ ሄደው ተሳሉ። «እመቤቴ፣ ልጄን ከዚህ ጭስ አውጪልኝ፤ ያወጣሽልኝ ዕለት ማሰሮዬን እሰብራለሁ» አሉ። ስለቱን ጎባ ሁሉ ያውቀዋል። አረቄ ጠጪው ሁሉ ልጁን እየወደደ ስለቱ ግን ትንሽ እንዲዘገይ ይጸልይ ነበር ብል ሐሜት አይሆንብኝም።

ደረጀ ተማሪዬ ነበር፤ ጎበዝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ኬሚካል መሐንዲስ ሆነ፣ ለተጨማሪ ትምህርት ካናዳ ሄዶ እዚያው ቀረ። እትዬ ብርቄ ማንበብ ስለማይችሉ ደብዳቤው የሚመጣው በእኔ ስም ነው። ያን ጊዜ ሞባይል የሚባለው ነገር ባሌ አልደረሰም። እናም አንድ ቀን እንዲህ የሚል ደብዳቤ መጣ፦ «እማዬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዲስቲለሪ ውስጥ በመሐንዲስነት ተቀጠርኩ።» ከጎኑ በትንንሽ ፊደል «ቲቸር፣ ይህችን ቃል እንዴት እንደሚሏት ለእርስዎ ትቻለሁ» የሚል አለ። የሸክም አሸካከም ያውቃል፤ ጥሩ አስተምሬው ነበር ማለት ነው።

ዲስቲለሪ አረቄ ማውጫ ነው። ይኸው ነው ትርጉሙ። «እማዬ፣ የካናዳ አረቄ ቤት ተቀጠርኩ» ማለቱ ነው። እያነበብኩ እዚያ ቃል ላይ ስደርስ ቀና አልኩ፤ የሴትዮዋ የቀሉ ዐይኖች እኔ ላይ ተተክለዋል።

«የፈሳሽ ማጣሪያ» አልኩ።

«የምን ፈሳሽ?»

«ያው... የውሃ ነገር።»

እልልታው ከአጥር ተሻገረ። እትዬ ብርቄ እዚያው በቆምኩበት ማሰሮአቸውን ከጓዳ አውጥተው ግቢው መሀል ከደንጊያ ጋር አጋጩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እድር ላይም፣ ገበያም «ልጄ የካናዳን ውሃ ያጣራል» ሆነ ወሬያቸው። «ካናዳ ውሃው ድፍርስ ነው እንዴ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ሁሉ ነበር። እሳቸው ጓሯቸውን ነጭ ሽንኩርትና ድንች ተክለው ተቀመጡ፤ ልጃቸውም ይልክላቸዋል። የጎባ ዳግም በዚያው ቀረ። እኔም በገዛ ምላሴ የገዛ መለኪያዬን ደፋሁ። ከዚያ ወዲህ ማርያም ደጅ ስደርስ ቀና ብዬ ለመግባት እሳቀቅ ነበር። ስለት በእኔ ውሸት ተከፍሎ እንዴት ልቅና?

አምስት ዓመት አለፈ። አንድ ቅዳሜ፣ ከአዲስ አበባ በዶዶላ በአዳባ አድርጎ ከመጣው አውቶብስ ላይ በወፍራም ሹራብ የተጠቀለለ ጠርሙስ ደረሰኝ። አብሮት ሁለት ወረቀት አለ። አንዱ የእናቱ ነው፤ ሰላምታና «እማዬ፣ ይህን መጀመሪያ መቅመስ ያለብሽ አንቺ ነሽ» የሚል ብቻ። ሁለተኛው የእኔ ነው። «ቲቸር፣ ይህ ውስኪ እኔ የተቀጠርኩ ዓመት በርሜል የገባ ነው። ያወጣሁት እኔ ነኝ። አሁን እውነቱን ይንገሩልኝ፤ እኔ ፈርቻለሁ።» ለካ ውስኪው በርሜል ውስጥ ሲበስል የእኔም ውሸት እዚህ አብራው ስትበስል ኖራለች። ወረቀቱን ደረት ኪሴ ከተትኩና እሑድ ከቀትር በኋላ ጠርሙሱን ይዤ ሄድኩ።

እትዬ ብርቄ ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ ይዘው ተቀምጠዋል። አጥር የሚጋሯቸው ሐጂ ከድርም ሻያቸውን ይዘው አሉ። ሐጂ ወደ ሮቤ በሚወስደው መንገድ ላይ ሰፊ የስንዴ ማሳ ያላቸው ገበሬ ናቸው፤ እህል በማወቅ የሚተካከላቸው የለም። ጠርሙሱን ከሹራቡ ሳወጣ «አስተግፊሩላህ» ብለው ወንበራቸውን ራቅ አደረጉ፤ ጆሯቸውን ግን አላራቁትም።

«አንብብልና፣ ያ በርሲሳ» አሉኝ። በርሲሳ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው፤ ጎባ ውስጥ ሌላ ስም የለኝም።

የእናትየዋን ወረቀት አንብቤ ወደ ጠርሙሱ ዞርኩ፤ የተለጠፈበት ጽሑፍ ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ ፈረንሳይኛ ነው። አንድ አገር በሁለት ቋንቋ እንደሚጽፍ ስነግራቸው ሐጂ «እንደኛው ናቸዋ» ብለው ካናዳን ወደ ባሌ አስጠጓት። ዕድሜው አምስት ዓመት መሆኑን አነበብኩ። ቀጥሎ የእህሉ ስም መጣ፦ ራይ።

«ምንድን ነው ራይ?» አሉ እትዬ ብርቄ።

መዝገበ ቃላቴ አጃ ይለዋል አልኳቸው። እትዬ ብርቄ ገረማቸው። «አጃ? አራስ የሚጠጣው አጃ?» አጃ ለአራስ ሾርባ ነው እንጂ አረቄ ይወጣበታል ብሎ ማን አስቦ ያውቃል! እኔም ለማስረዳት ብዬ ነገሩን አባባስኩት። መልኩ ስንዴ የሚመስል፣ ብርድ የሚችል፣ ድሮ ስንዴ ውስጥ ሳይዘሩት ይበቅል የነበረ እህል ነው አልኳቸው።

ሐጂ የሻይ ብርጭቋቸውን መሬት አስቀመጡ።

«ሲናር ነዋ!»

ሲናርን የማታውቁ ካላችሁ፣ ስንዴ መሀል ስንዴ መስሎ የሚበቅል፣ ለሚያርመው ገበሬ ወገብ የማያዝን አረም ነው። እኔ አይደለም ብልም ማን ሰምቶኝ!

«አርባ ዓመት!» አሉ ሐጂ። «አርባ ዓመት ሙሉ ሲናር ስነቅል ወገቤ ጎበጠ። ነቅዬ አጥር ላይ እጥላለሁ። እነሱ ለካ ጠርሙስ ውስጥ ይከቱታል! ያ ረቢ! ዕድሜ ልኬን ስነቅል የኖርኩት ሀብቴን ነው በለኛ!»

በኋላ የግብርና ባለሙያ ጠይቄ ራይ ሲናርም አጃም አለመሆኑን ተረድቻለሁ። ግን ዘገየሁ። ጎባ ውስጥ ያ ጠርሙስ እስከ ዛሬ «የሲናር አረቄ» ነው የሚባለው።

ቀጥሎ ኦክ የሚባል እንጨት መጣ፤ የበርሜሉ እንጨት ነው። አሁንም መምህርነቴ አልተወኝም። አብርሃም እንግዶቹን የተቀበለው በዚህ ዛፍ ጥላ ሥር ነው ሲባል ሰምቻለሁ አልኩ። እትዬ ብርቄ አማተቡ። «በአብርሃም ዛፍ አረቄ ያስቀምጣሉ?» ሐጂም «በአላህ፣ ነቢዩ ኢብራሂምን ከዚህ ነገር አውጡልን» አሉ። በአንድ አፍ ሁለት ሃይማኖት ማስቀየሜ ነው። ጠርሙሱን ለእትዬ ብርቄ ሰጠኋቸው።

እትዬ ብርቄ ከጓዳ ሁለት መለኪያ አመጡ። አምስት ዓመት ያልተነካ መለኪያ ነው፤ በነጠላቸው ጫፍ ደጋግመው ወለወሉት። ከዚያ ጠርሙሱን ከፍተው መለኪያው ውስጥ ሳይሆን መጀመሪያ መዳፋቸው ላይ ጠብ አደረጉ። ወጉ ነው፤ የሚቀዳ ሰው በመዳፉ ቀምሶ ነው ለእንግዳ የሚሰጠው። መቼም ሁላችንም ያየነው ነገር ነው። እሳቸው ግን ለወጉ ብለው አልነበረም የቀመሱት። በምላሳቸው ጫፍ ነኩት። ቆዩ። ደግመው ጠብ አደረጉና ሁለት መዳፋቸውን አፋትገው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ዐይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጊዜ አሸተቱ።

«እንጨቱን ከውስጥ ለብልበውታል» አሉ ዐይናቸውን ሳይገልጡ።

ጠርሙሱን ተቀብዬ መነጽሬን አስተካክዬ አየሁ። ከታች፣ ጉንዳን በምታህል ፊደል፣ በርሜሉ ውስጡ በእሳት የተለበለበ መሆኑ ተጽፏል። እኔ አርባ ዓመት ፊደል ቆጥሬ ያላየሁትን እሳቸው በመዳፋቸው አነበቡት።

«እኛ ዕቃችንን በወይራ ጭስ እናጥናለን» አሉ። «እነሱ ዕቃውን ራሱን አቃጠሉት። ብልሆች ናቸው። አረቄው ዓመት ሙሉ እየገባ እየወጣ ጭሱን ይጠጣል ማለት ነው።»

ከዚያ ለእኔ ቀዱልኝ። ቀለሙ ከሃረና ጫካ የሚመጣውን ጠቆር ያለ ማር ይመስላል። እኔም እንደ ለመድኩት አንገቴን ወደ ኋላ መለስ አድርጌ በአንዴ ላኩት።

«ምነው መምህር! አምስት ዓመት የተኛን ነገር በአንድ ትንፋሽ! ቅመስ እንጂ!»

አፈርኩ። ሁለተኛውን ሲቀዱልኝ አፍንጫዬን መጀመሪያ ሰደድኩ። የዳቦ ቅርፊት ሸተተኝ፤ ገና ከምጣድ የወረደ የድፎ ዳቦ ቅርፊት። ትንሽ ከንፈሬን ሳስነካው ቅርንፉድና ቁንዶ በርበሬ ምላሴን ቆነጠጡኝ። ቁንጥጫው ሲያልፍ የማር ጣፋጭ መጣ፤ ማሩም ሲሄድ ደረቅ እንጨት ብቻ ምላሴ ላይ ቀረና ሌላ ጉንጭ ያሰኘኛል። ሙቀቱ ቀስ ብሎ ወርዶ ጉልበቴ ላይ ተቀመጠ። በጎባ ስኖር ከጉልበቴ በታች ሞቆኝ የማውቅ አይመስለኝም። ደስ አለኝ፤ ዝም ብዬ ደስ አለኝ። ኪሴ ውስጥ ያለውን ወረቀት ለጥቂት ደቂቃ ረሳሁት።

«እንዴት ነው?» አሉ ሐጂ። እሳቸው ሰዎች ሐሴት ሲያደርጉ ዝም ብለው ማየት አይችሉም።

«እንዴት ብዬ ልንገርዎት፣ ሐጂ። ማር የተቀባ፣ እንጨት እንጨት የሚል ትኩስ ዳቦ።»

«ታዲያ ሰዎቹ ለምን ዳቦውን አይበሉትም?»

እኔ ሌላ ጉንጭ ወሰድኩ።

እትዬ ብርቄ ግን ገና አልጨረሱም። ከመቀነታቸው ክብሪት አወጡ። የአረቄ የመጨረሻው ዳኛ እሳት ነው። ሳህን ላይ ትንሽ አፈሰሱና ጫሩ። አልነደደም። ሁለተኛ ጫሩ። ክብሪቱ ሳህኑ ላይ ጠፋ። ሦስተኛውም እንደዚያው። ክብሪቱን አስቀምጠው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ውሃ አግብተውበታል።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። እነዚያ ዐይኖች እንደገና ተተከሉብኝ።

«መምህር፣ ልጅዎ የካናዳን ውሃ ያጣራል ብለኸኝ አልነበረም?»

«ብዬዎት ነበር።»

«ይኸው ውሃው ደረሰኝ። አረቄውንስ ማን አወጣው?»

ሐጂ ባዶውን የሻይ ብርጭቆ አንስተው ውስጡን ያጠኑ ጀመር። እኔ ለእኔ የተጻፈውን ወረቀት ከኪሴ አወጣሁ፤ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። የዋሸሁት እኔ መሆኔን፣ ማሰሮአቸውን ያስሰበርኩት እኔ መሆኔን፣ ማርያም ፊት ያዋረድኳቸው እኔ መሆኔን ተናገርኩ። ይቅርታ ለመጠየቅ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

«ተቀመጥ» አሉኝ። «ካወቅሁ ሦስት ዓመቴ ነው።»

ወረቀቱን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ።

«አንተው አይደለህ ያነበብክልኝ? በየደብዳቤው ምን ይለኝ ነበር? ‹እማዬ፣ ብቅሉን ስንት ቀን ነበር የምታሳድሪው? መጀመሪያ የሚንጠባጠበውን ለምን ነበር የምትደፊው?› ውሃ የሚያጣራ ሰው ብቅል ምን ያደርግለታል?»

እውነታቸውን ነው። በገዛ አፌ ነው ያነበብኩት። እኔ የናፍቆት ጨዋታ መስሎኝ ነበር። አስተርጓሚ የሚያነበውን አይሰማም ለካ።

«ታዲያ ምነው ዝም አሉን?»

«እሱ ይንገረኝ ብዬ ነዋ። በእኔ ሥራ ያፈረ መሰለኝ። ‹እናቴ አረቄ አውጪ ናት፤ እኔም እሱኑ ሆንኩ› ማለት የከበደው መሰለኝ። እሱ ነው የከፋኝ።» በነጠላቸው ዐይናቸውን ጠረጉ። አምስት ዓመት ጭስ አልነካውም ዐይናቸውን። «አሁን ግን ላከልኝ። የሚያፍር ሰው ቅመሽልኝ ብሎ አይልክም።»

ሐጂ ቀስ ብለው «ዱጋ ነው፣ ብርቄ፤ እውነትሽን ነው» አሉ።

«የቀረኝ ስለቴ ነው» አሉ እትዬ ብርቄ። «እመቤቴን ዋሽቻት እንደሆነ ልወቀው። መምህር፣ ያ ወረቀት ስለ ጭስ የሚለው አለ?»

ገለበጥኩት። አለ። ጀርባው ላይ፣ ልብ ሳልለው። ለማንበብ አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ።

«አንተ ተወው፤ ታጣራዋለህ። ሐጂ፣ እርስዎ ያንብቡት። እዚህ ያልቀመሱት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ሐጂ ወረቀቱን ከጠርሙሱ አርቀው ተቀበሉኝ። አንድ በአንድ፣ ፊደሉን እንደ ዘር እያስቀመጡ አነበቡት። «እማዬ ከጠየቀች፣ እዚህ ጭስ የለም በሏት። የሚሠራው በእንፋሎት ነው። እኔ ንጹሕ ካፖርት ለብሼ በመስታወት እያየሁ ነው የምውለው።»

«ይድገሙት።»

ደገሙት። እትዬ ብርቄ ቃሉን አንድ በአንድ በጣታቸው ቆጠሩ። እኔ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ነበርኩ። በመጨረሻ ፊታቸው በራ።

«እኔ እመቤቴን የለመንኳት ከጭሱ አውጪልኝ ብዬ ነው። ከአረቄው አላልኩም። ስለቴ ደርሷል።»

«ስለት እንደ ቃሉ ነው» አሉ ሐጂ፣ እንደ ዳኛ። እኔም ከአምስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወገቤን አቀናሁ። እትዬ ብርቄ ለእኔ አንድ፣ ለራሳቸው አንድ ቀዱ፤ ለሐጂም ሻያቸው ታደሰ። ፀሐይዋ ያን ቀን ያሞቀች መሰለኝ፤ ምናልባት ውስኪው ነው።

መለኪያችንን ስናስቀምጥ «ብዕር አለህ?» አሉኝ። መምህር መቼ ብዕር አጥቶ ያውቃል! ሹራቡን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ወረቀት ዘረጋሁበትና እየተናገሩ ጻፍኩ።

«ልጄ ደረጀ። ጠርሙሱ ደርሶኛል። እንጨቱን አውቀህበታል። እህሉ ግን ሲናር ነው ብለዋል ሐጂ፤ ተጠንቀቅ። ብቅሉ አንድ ቀን ቢጨመርለት አይጎዳውም። ውሃውን ቀንስ።»

«ከሥሩስ ምን ልበል?» አልኳቸው። «እናትህ ብርቄ ልበል?»

ጠርሙሱን በነጠላቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት።

«እናትህ ብርቄ፣ አረቄ አውጪዋ፤ እንደዚያ በል።»

እንደዚያ አልኩ። አንዲት ቃል አላጣራሁም።